«ጎማ» ስንት ነገር ይጠራል? ሞተር ለሚገጠምለት ብስክሌት የእግርና የመሣሪያ ስያሜዎች

የሙያ ቃላት ጥናት ሲነሣ ዐይናችን አስቀድሞ የሚያርፈው ከባሕር ማዶ በመጽሐፍ በመጡ የሳይንስ ቃላት ላይ ነው። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በዚህ ረገድ ሰፊ መሠረት ጥሏል። ይሁን እንጂ በመንገድ ዳር፣ እጁ በግራሶ በተለወሰ ሠራተኛ አፍ በየቀኑ የሚነገሩት ቃላት በመዝገብ ሳይሰፈሩ፣ ትርጉማቸውም ሳይለይ ይኖራሉ። የእነዚህ ቃላት መዘበራረቅ የሚያስከትለው ጉዳት ከሳይንሱ ቃላት መዘበራረቅ የሚያንስ አይደለም፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ የሰው አካልና ሕይወት የሚጠፋበት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጠባብ መስሎ የሚታይ አንድ ክፍል ነው። ይኸውም ሰው በእግሩ በሚነዳው ብስክሌት ላይ ትንሽ ሞተር በሚገጠምበት ጊዜ የሚያስፈልጉትን የጎማዎችና የመንኰራኵር መሣሪያዎች ስያሜ ነው። ዓላማችን ለተርጓሚው የሚሆን አንድ ሐሳብ ማቅረብ ነው፤ ሠራተኛው አስቀድሞ የለየውን እንያዝ፣ ያልተለየውን ብቻ እንለይ፣ ቁጥሩንም እንደ ቃል እናክብረው የሚል ነው።

1. የጉዳዩ መነሻ

በካፋ ዞን በቦንጋ ከተማ የሚኖር አንድ ወጣት ለብስክሌቱ የሚሆን ሞተር ከነመለዋወጫው ገዛ እንበል። አገሩ ደጋና ወይና ደጋ፣ ደን የለበሰ፣ ዝናቡም ከዓመቱ አብዛኛውን ወር የማይለይ ነው። ከቦንጋ ወደ ውሽውሽ የሻይ ልማት የሚወስደው መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ይፈራረቅበታል፤ ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ዴቻ ወይም ወደ አዲዮ የገጠር ቀበሌዎች ለሚያመራ ደግሞ ጭቃና ጠጠር ይጠብቀዋል። ስለዚህ ጎማ መምረጥ ለዚህ ወጣት ቀላል ነገር አይደለም። ሞተሩ ክብደትንና ፍጥነትን ይጨምራል፤ ይህም ሁሉ የሚያርፈው ሁለት ጣት በሚያህል ስፋት መሬት በሚነካ ጎማ ላይ ነው።

ከሞተሩ ጋር የመጣው መመሪያ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ አንድ ተርጓሚ ወደ አማርኛ መለሰለት እንበል። ከትርጉሙም መካከል «ከመነሣትህ በፊት የኋላው ጎማ አለመላላቱን አረጋግጥ» የሚል ዐረፍተ ነገር ይገኛል። ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ እንከን የለበትም። ወጣቱም ጎማውን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ጠንካራ ሆኖ ስላገኘው ይነሣል። የዋናው ጽሑፍ መልእክት ግን ስለ ንፋስ አልነበረም፤ እግሩን ከብስክሌቱ አካል ጋር የሚያስሩት ዳዶዎች መጥበቃቸውን እንዲመለከት ነበር። በቁልቁለት ላይ የላላ ዳዶ ምን እንደሚያመጣ ለአንባብያን ማስረዳት አያስፈልግም። እንግዲህ ጥፋቱ የሰዋስው አይደለም፤ አንድ ቃል አራት ነገሮችን በመሸከሙ የመጣ ነው።

2. «ጎማ» የሚሸከማቸው ትርጉሞች

«ጎማ» ከጣልያንኛ የመጣ ቃል ሲሆን በዚያ ቋንቋ መጀመሪያ የሚጠራው ከዛፍ ደም የሚሠራውን የሚለጠጥ ቁስ ነው። በአማርኛ ግን አገልግሎቱ ሰፍቶ ቢያንስ አራት ነገሮችን ይጠራል። ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን የዕለት ተዕለት አነጋገሮች እንመልከት።

ሀ) «ጎማ ጫማ» ሲባል ቁሱን ያመለክታል።
ለ) «ጎማው አልቋል» ሲባል መንገድ የሚነካውን የውጭ ሽፋን ያመለክታል።
ሐ) «ጎማው ተነፈሰ» ሲባል በውስጥ ያለውን ንፋስ ያዥ ያመለክታል።
መ) «ጎማው ተጣመመ» ሲባል ብረቱን፣ ይኸውም ቸርኬውን ያመለክታል፤ «ጎማ ፍታ» ሲባልም ብዙ ጊዜ መላውን እግር አውርድ ማለት ነው።

በንግግር ጊዜ ግሡ ስሙን ስለሚተረጉመው ችግር አይፈጠርም። የሚያልቀው ሽፋኑ፣ የሚጣመመው ብረቱ እንደሆነ ሰሚው ያውቃል። ነገር ግን «ላላ»፣ «ፈታ»፣ «ለወጠ» የሚሉት ግሦች ከአንድ በላይ ለሆኑ ክፍሎች ስለሚስማሙ ሸክሙን ከስሙ ላይ አያነሡለትም። «ጎማ ለውጥ» የሚለው ትእዛዝ ሽፋኑን ብቻ ነው ወይስ እግሩን በሙሉ? ጎሚስታው ዘንድ ቆሞ የሚናገር ሰው በጣቱ ያመለክታል፤ በጽሑፍ ግን ጣት የለም። የተርጓሚ ሥራ ያችን የጎደለች ጣት በቃል መተካት ነው ማለት ይቻላል።

ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ደግሞ ሌላ ማስታወሻ አለ። «ጎማ» ከካፋ ጎረቤት በጅማ ዞን፣ በአጋሮ አካባቢ የሚገኝ ጥንታዊ የግቤ መንግሥትና የዛሬ ወረዳ ስም ነው። ይህ ከጣልያንኛው ቃል ጋር አንዳች ዝምድና ስለሌለው በመዝገብ ሲገባ ራሱን የቻለ መነሻ ሊሰጠው ይገባል።

3. ሠራተኛው አስቀድሞ የለያቸው

ቃሉ በተራው ተናጋሪ ዘንድ እንዲህ ቢደበላለቅም በጥገና ቤት ግን ልዩነቱ የታወቀ ነው። በዚያ የውስጡ «ከመነዳሪ» ወይም «ካላማዳሪ»፣ የብረቱ ክብ «ቸርኬ»፣ ከመካከል ወደ ክቡ የተወጠሩት ቀጫጭን ሽቦዎች «ራጂ»፣ ራጂዎቹ የሚነሡበት የመካከሉ አካል «ሞዞ»፣ በውስጡ ያሉት ማሽከርከሪያዎች «ኩሽኔታ»፣ ማሰሪያው «ዳዶ»፣ ከዳዶው ሥር የሚገባው «ሮንዴላ» ይባላሉ። ሁሉም የጣልያንኛ ዘር ናቸው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ በኤርትራ በኩል ከነበረው ግንኙነት ሌላ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን መኪናው፣ መንገዱና የጥገና ቤቱ ከነቃላቸው ተስፋፍተዋል።

አንዳንድ ጸሐፊዎች እነዚህን ቃላት ሁሉ አውጥተን በግዕዝ ሥር በተመሠረቱ ስያሜዎች እንተካቸው ይላሉ። ሐሳቡ ቋንቋን ከመውደድ የመነጨ በመሆኑ የሚከበር ነው፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባል።

አንደኛ፣ የሙያ ቃል ተቀዳሚ ተግባሩ ሰውና ዕቃ ማገናኘት ነው። በቦንጋ ገበያ «ራጂ አለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ዕቃውን ያገኛል፤ አዲስ የተፈጠረ ስም ይዞ የሚሄድ ግን ባዶ እጁን ይመለሳል። ሁለተኛ፣ የጥገናው ዓለም ባዕድ ቃል ብቻ አይደለም። ሠራተኛው ራሱ ሳይጠየቅ ተርጓሚ ሆኖ ያቆያቸው አሉ። ጣልያንኛ የበር ቁልፍንና የዳዶ ማጥበቂያን በአንድ ስም ይጠራል፤ ያማርኛው ሠራተኛም ይህንኑ ተከትሎ «ቁልፍ» አለ፤ ዛሬ «15 ቁልፍ አቀብለኝ» ሲባል የሚሳሳት የለም። የሚፈገፍገውን ሸካራ ወረቀትም «ብርጭቆ ወረቀት» ያለው የጣልያንኛውን ስም ቃል በቃል መልሶ ነው። «ዶቅዶቄ»ን ደግሞ ከማንም አልተዋሰም፤ ከራሱ ከሞተሩ ድምፅ ወሰደው። ጣልያኖችም በጎርጎርዮሳዊው አቈጣጠር ከ1946 ጀምሮ በዱካቲ ፋብሪካ የተሠራውን 48 ሲ.ሲ. የብስክሌት ሞተር «ኩቾሎ»፣ ማለትም «ቡችላ»፣ ያሉት በድምፁ ምክንያት ነው። በሁለቱም አገር ስሙን የሰጠው ጆሮ ነው።

በመሆኑም የጋራዡን ቃል መጣል ሳይሆን ማጥራት ይሻላል እንላለን። «ከመነዳሪ» እና «ካላማዳሪ» የአንድ ቃል ሁለት አጠራሮች ናቸው፤ መነሻቸው «የአየር ጓዳ» የሚል ትርጉም ያለው የሁለት ቃላት ጥምር ነው። በጽሑፍ አንዱን መምረጥ ስላለብን «ከመነዳሪ»ን መርጠናል።

4. መንኰራኵር ወይስ እግር?

ጋራዡ ያልለየው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ እርሱም ጎማን፣ ከመነዳሪን፣ ቸርኬን፣ ራጂንና ሞዞን አንድ ላይ አጠቃልሎ የሚጠራ ስም ነው። ግዕዝ ለዚህ «መንኰራኵር» የሚል ውብ ቃል አለው፤ በትንቢተ ሕዝቅኤል የሚገኘው ራእይ የቃሉ ዋና መታወቂያ ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ በዘመናችን በሌላ አቅጣጫ ተጉዟል። ጋዜጣውና ራዲዮው «የጠፈር መንኰራኵር» እያሉ ስላለመዱት ዛሬ «መንኰራኵር» ሲባል ለአንባቢው ቀድሞ የሚታየው ወደ ሰማይ የሚመጥቀው ዕቃ ነው። የብስክሌት መመሪያ ላይ ይህን ቃል መመለስ አይከለከልም፤ ነገር ግን አንባቢውን በየገጹ ያስቆመዋል።

ሕዝቡና መሥሪያ ቤቱ ሳይመካከሩ የተስማሙበት ሌላ ቃል አለ፤ «እግር» ነው። «ባለ ሁለት እግር»፣ «ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ» የሚለው አነጋገር በደንብም በጎዳናም የሠለጠነ ነው። ቃሉ አማርኛ ነው፤ አጭር ነው፤ ሁሉን ክፍል ያጠቃልላል። ስለዚህ «የፊት እግር»፣ «የኋላ እግር» ማለትን መርጠናል።

ለዚህ ምርጫ የሚቀርበውን ተቃውሞ ግን መሸሸግ አይገባም። ሞተር የተገጠመለት ብስክሌት በእጅ የሚያዝም በእግር የሚረገጥም ፍሬን ሊኖረው ይችላል። «የእግር ፍሬን» ስንል በሰው እግር የሚረገጠው ነው ወይስ የብስክሌቱን እግር የሚይዘው? እዚህ ላይ አንዱን ደብልቅልቅ ፈትተን ሌላ እንዳንፈጥር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መፍትሔው ለአካል «በእግር የሚረገጥ ፍሬን» ብሎ ግሡን መግለጥ፣ ለክፍሉ ደግሞ «የኋላ ፍሬን»፣ «የፊት ፍሬን» ብሎ «እግር»ን መተው ነው። ስያሜ ብቻውን ሁሉን አይፈታም፤ አገባቡም አብሮ መወሰን አለበት።

5. ቁጥርም ስያሜ ነው

ተርጓሚዎች ቁጥርን እንደማይተረጐም ነገር አድርገው ያልፉታል። በጎማ ጉዳይ ግን ቁጥሩ ራሱ ስም ነው፤ እንደ ማንኛውም ስም ያታልላል።

በብስክሌት ጎማ ጎን ላይ የሚጻፈው «26» ወይም «28» የሚለው የኢንች ቁጥር ጎማው ከውጭ ወደ ውጭ የሚኖረውን ግምታዊ ስፋት እንጂ ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበትን ልክ አይናገርም። ከዚህም የተነሣ «26» ተብለው የሚሸጡ ጎማዎች በየመጠናቸው ለተለያየ ቸርኬ የተሠሩ ናቸው። «26 በ 1.75» የተባለው የሚቀመጥበት ቸርኬ 559 ሚሊ ሜትር ነው፤ «26 በ 1 3/8» የተባለው 590 ሚሊ ሜትር ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው «26 በ 1 3/4» የሚለው ነው። በሒሳብ 1 3/4 እና 1.75 አንድ ናቸው። በጎማ ግን የመጀመሪያው ለ571 ሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው ለ559 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ነው፤ የ12 ሚሊ ሜትር ልዩነት አላቸው። ክፍልፋዩን «ለማቅለል» ብሎ ወደ ነጥብ የቀየረ ተርጓሚ ሳያውቅ ሌላ ጎማ አዘዘ ማለት ነው። ትንሹ ጎማ በትልቁ ቸርኬ ላይ አይወጣም፤ ትልቁ ጎማ በትንሹ ቸርኬ ላይ ከወጣ ደግሞ ንፋስ ሲሞላ ወይም በጉዞ ላይ ሳለ ሊዘልና ከመነዳሪውን ሊያፈነዳ ይችላል።

«28»ም እንዲሁ ነው። ከቻይናና ከህንድ የሚመጣው ቀጥ ያለ፣ ጠንካራው የዱሮ ዐይነት ብስክሌት «28 በ 1 1/2» ሲሆን ቸርኬው 635 ሚሊ ሜትር ነው፤ አዲሱ «28» ግን በብዛት 622 ሚሊ ሜትር ነው።

ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ5775 ቁጥር ደረጃው ይህን ውዥንብር ለማስቀረት ሁለት ቁጥሮችን በጭረት አያይዞ መጻፍን ደንግጓል። ለምሳሌ «57-559» ሲል የጎማው ውፍረት 57 ሚሊ ሜትር፣ የቸርኬው መቀመጫ 559 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያመለክታል። ስለዚህ ተርጓሚው የኢንቹን ቁጥር እንደ ተጻፈ፣ ነጥቡን ነጥብ ክፍልፋዩን ክፍልፋይ አድርጎ እንዲገለብጥና በአጠገቡ የጭረቱን ቁጥር እንዲጨምር እንመክራለን። ይህን ቁጥር «የመቀመጫ ልክ» ብለነዋል።

የራጂም ቁጥር ወጥመድ አለው። 14 ቁጥር ራጂ 2.0 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን 12 ቁጥር 2.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ውፍረቱ ይጨምራል። ለሞተር ክብደት ወፈር ያለው ራጂ ስለሚመረጥ፣ «ከፍ ያለ ቁጥር ራጂ» ብሎ የተረጐመ ሰው ጠንካራውን ፈልጎ ቀጭኑን አስገዛ ማለት ነው። «ወፍራም ራጂ (12 ቁጥር)» ብሎ ሁለቱንም መጻፍ ይበጃል።

በመጨረሻም የንፋስ ግፊት። በጎማው ጎን የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ የማይታለፈው ወሰን ነው። «እስከ 40 ፒ.ኤስ.አይ. (2.8 ባር)» የሚለውን «40 ሙላ» ብሎ መተርጐም ወሰንን ወደ ትእዛዝ መለወጥ ነው።

6. መሣሪያዎቹ

በዚህ ክፍል ያለው ችግር አነስተኛ ስለሆነ በአጭሩ እናልፋለን። ጎማውን ከቸርኬ ለማውጣት የሚያገለግለውን ጠፍጣፋ ዘንግ «መፈንቀያ» ማለት በቂ ነው፤ «ፈነቀለ» የሚለው ግሥ ሥራውን ይገልጣል። ጫፉ የሾለ ካቻቢቴ በመፈንቀያ ፈንታ ከመነዳሪን ስለሚቀድ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። ራጂን የሚያጠብቀው ትንሽ መሣሪያ «የራጂ ቁልፍ» ይባል። የተጣመመ እግርን የማስተካከሉ ሥራ «ማቃናት»፣ እግሩ ተቀምጦ የሚቃናበት መቆሚያ «ማቃኛ» ይሁን።

ንፋስ የሚሞላበትን «ፖምፓ» እንደ ልማዱ ትተነዋል። መለኪያውን ግን «የንፋስ መለኪያ» ማለት አይበጅም፤ ይህ ስም የአየር ጠባይ ጥናት የነፋስ ፍጥነት የሚለካበትን መሣሪያ ሊያሳስብ ስለሚችል «የጎማ ግፊት መለኪያ» እንላለን። በራጂዎቹ ጫፍና በከመነዳሪ መካከል የሚጠመጠመው ቀጭን መከላከያ ደግሞ ቋሚ ስም ስላላገኘንለት «የቸርኬ መቀነት» ብለነዋል፤ መቀነት ወገብን ጠምጥሞ እንደሚይዝ ሁሉ ይህም ቸርኬውን ዞሮ ስለሚይዝ ነው።

7. ስለ ካፊኖኖ ተርጓሚዎች

የቦንጋ መመሪያ በአማርኛ ብቻ ላይቀር ይችላል። የካፋ ሕዝብ ቋንቋ ካፊኖኖ ከኦሞአዊ ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን፣ «ኖኖ» ራሱ አፍም ቋንቋም ማለት ነው። የአማርኛው «አፍ» ለቋንቋ እንደሚነገር ሁሉ የአካል ስም ወደ ሌላ ትርጉም መሻገሩ በዚያም የታወቀ መሆኑን ይህ ያሳያል። ይሁን እንጂ አማርኛ የብስክሌቱን ክፍል «እግር» ስላለ ካፊኖኖም በእግር ስም ይጥራው ማለት አይደለም። ስያሜን በሦስተኛ እጅ ማሻገር አደጋ አለው። ተርጓሚው ከአማርኛው ትርጉም ሳይሆን ከዕቃው ይነሣ፤ እግሩን፣ ቸርኬውንና ከመነዳሪውን በየተራ ከብስክሌት ጠጋኙ ፊት አስቀምጦ ስማቸውን በካፊኖኖ ይጠይቅ። መልሱ የውሰት ቃል ሆኖ ቢገኝ እንኳ ቋንቋው በራሱ የስም መድረሻ እንዴት እንዳስተናገደው መመዝገቡ ለጥናቱ ትልቅ ትርፍ ነው።

8. ለውይይት የቀረቡ ስያሜዎች

እግር፦ ከሞዞ እስከ ጎማ ያለው የሚሽከረከር አካል በሙሉ።
ጎማ፦ መንገድ የሚነካው የውጭ ሽፋን ብቻ። ለቁሱ ሲሆን «የጎማ ቁስ» ይባል።
ከመነዳሪ፦ በጎማ ውስጥ ያለው ንፋስ ያዥ።
ቸርኬ፦ ጎማ የሚቀመጥበት ክብ ብረት።
ራጂ፦ ሞዞንና ቸርኬን የሚያገናኝ የተወጠረ ሽቦ።
የራጂ ዳዶ፦ ራጂን በቸርኬ ላይ የሚይዝ ትንሽ ማሰሪያ።
ሞዞ፦ የእግር መካከለኛ አካል። ሞተር በውስጡ ሲኖር «ባለሞተር ሞዞ»።
የጎማ ጠርዝ፦ በቸርኬ ላይ የሚነክሰው ሽቦ ያለበት የጎማ ዳር።
የጎማ ጥርስ፦ መሬት የሚቧጥጠው ሻካራ ክፍል።
የመቀመጫ ልክ፦ ጎማና ቸርኬ የሚጋጠሙበት ልክ በሚሊ ሜትር።
የቸርኬ መቀነት፣ መፈንቀያ፣ የራጂ ቁልፍ፣ ማቃኛ፣ የጎማ ግፊት መለኪያ፦ ከላይ በተሰጠው ትርጉም።

አገባብ፦ «ላላ» የሚለው ግሥ ለዳዶ፣ ለራጂና ለኩሽኔታ ብቻ ይዋል፤ ለጎማ «ንፋሱ ጎደለ» ይባል። «ፈታ» ለዳዶ፣ «አወረደ» ለእግር፣ «አወለቀ» ለጎማ ይሁን።

በዚህ አገባብ መሠረት መነሻ ያደረግነው ዐረፍተ ነገር «ከመነሣትህ በፊት የኋላ እግር ዳዶዎች አለመላላታቸውን አረጋግጥ» ይሆናል። በቃል ብዛት ከፊተኛው በጥቂቱ ይረዝማል። ነገር ግን ወጣቱ ወደ ጎማው ሳይሆን ወደ ዳዶው፣ በአውራ ጣቱ ሳይሆን በቁልፍ እንዲሄድ ያደርገዋል።

እነዚህ ስያሜዎች የመጨረሻ ውሳኔ አይደሉም። በተለይ በካፋና በአካባቢው የሚሠሩ ተርጓሚዎችና የቋንቋ ባለሙያዎች ከጠጋኙ አፍ የሰሙትን የተለየ ቃል፣ ከተሰማበት ቦታና ከሚጠራው ዕቃ ጋር ጽፈው ቢልኩልን ዝርዝሩን እናርማለን። ቃሉን ስትጠይቁ ግን «ይህ ምን ይባላል?» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ፤ «ይህስ ቢላላ ምን ትላለህ?» ብላችሁ ጨምሩ። ልዩነቱ ያለው ብዙ ጊዜ በሁለተኛው መልስ ውስጥ ነው።